የሻገተ ኦቾሎኒን እሳት አያድነውም

ጥያቄ፦ «የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። ዘንድሮ ከባቢሌ ባስመጣሁት ዘር ጓሮዬ ውስጥ ኦቾሎኒ ዘርቼ ነበር። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ እስኪረግፍ ጠብቄ ነቀልኩት። እዚያው ለቅሜ በማዳበሪያ ከረጢት ሞላሁና ወጥ ቤት ጥግ አስቀመጥኩት። ከሳምንት በላይ ቆይቼ ስከፍተው እርጥብ አፈር እርጥብ አፈር ይሸታል። አንዳንዱ ፍሬ ላይ አረንጓዴ ብናኝ አለ። ብዙው ቅርፊት ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው። ጎረቤቴ ‹ውሃ ረጨት አድርገሽ ፈልፍዪው፣ ከዚያ ጠንከር አድርገሽ ቁዪው፣ እሳት የማይገድለው ነገር የለም› አለችኝ። መራራውን ለዶሮዎቼ ልሰጥ፣ በቀረው ለልጆቼ የለውዝ ቅቤና ለውዝ ሻይ ልሠራ አስቤያለሁ። ይቻላል?»

መልስ፦ አይቻልም። አረንጓዴ ብናኝ የያዘውን አይቁሉት፣ አይፍጩት፣ ለዶሮም አይስጡት። ጎረቤትዎ የነገሩዎት ግማሹ እውነት ነው። እሳት ሻጋታውን ይገድለዋል። ሻጋታው ፍሬው ውስጥ የተወውን መርዝ ግን አያጠፋውም።

ያዩት ብናኝ ኦቾሎኒ ላይ ብዙ ጊዜ የሚወጣው አስፐርጊለስ ፍላቨስ የሚባለው ሻጋታ ወይም የቅርብ ዘመዱ አስፐርጊለስ ፓራሲቲከስ ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱም አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይሠራሉ። ሻጋታው ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ ምጣድ ላይ ይሞታል። አፍላቶክሲን ግን ኬሚካል ነው። በደንብ የሚበታተነው ሙቀቱ ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ነው። ኦቾሎኒ የሚቆላው ደግሞ 160 እና 170 ዲግሪ አካባቢ ነው። በመቁላት መጠኑ በተወሰነ ደረጃ ሊቀንስ ይችላል፤ ምን ያህል እንደቀነሰ ግን ምጣድ ፊት ቆሞ ማወቅ አይቻልም። መርዙ እስኪጠፋ ድረስ ልቁላው የሚል ሰው ፍሬውን ከሰል ያደርገዋል። መቀቀሉማ ጭራሽ አይረዳም፤ ውሃ ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም።

ለዶሮዎቹ የሚለውን ሐሳብ በተለይ ይተዉት። ይህ መርዝ ራሱ የታወቀው በወፎች ሞት ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪዎች በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። ምክንያቱ ሲፈለግ ከብራዚል የመጣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። ላም ከበላችው ደግሞ መርዙ መልኩን ቀይሮ ወደ ወተት ይገባል። ከዓመታት በፊት አዲስ አበባና ዙሪያዋ በተደረገ ጥናት ወተት ውስጥ ተገኝቶ ብዙ ያነጋገረው ይኸው ነገር ነው፤ በዚያን ጊዜ ዋናው ተጠርጣሪ የኑግ ፋጉሎ ነበር። ለእንስሳ የጣልነው ዞሮ ገበታችን ላይ ይመጣል።

ሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በሁለት መንገድ ይመጣል። በአንድ ጊዜ ብዙ ከተበላ ጉበትን ይመታል፣ ሊገድልም ይችላል። በ2004 እ.ኤ.አ. ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ሳይደርቅ የተከማቸ በቆሎ የበሉ 125 ሰዎች ሞተዋል። በጥቂት በጥቂቱ ለዓመታት ከተበላ ደግሞ የጉበት ካንሰር ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ተርታ መድቦታል። የጉበት ቫይረስ ቢ ያለበት ሰው ላይ አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ምን ያህል ጥቂት መጠን እንደሚያሳስብ እንዲገባዎት፣ የአውሮፓ ኅብረት በቀጥታ ለሚበላ ኦቾሎኒ የሚፈቅደው በኪሎ 4 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ይህ በ10,000 ኩንታል ኦቾሎኒ ውስጥ 4 ግራም ማለት ነው።

መራራውን ለይተው ማስቀረትዎ ጥሩ ነው፣ ግን ምላስን እንደ መመርመሪያ አይቁጠሩት። አፍላቶክሲን ጣዕምም ሽታም የለውም። ምሬቱ የሚመጣው ፍሬው ስለተበላሸ፣ ዘይቱ ስለቆየ ወይም ፍሬው ጥሬ ሆኖ ስለተነቀለ ነው። መራራ ፍሬ በማንኛውም ምክንያት ይጣል። ያልመረረው ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

ስለዚህ ያን ማዳበሪያ ምን ያድርጉት? የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው፦ ለምግብ አያውሉት። ፍሬ መልቀም በጣም ጠቃሚ ሥራ ነው፣ ከታች እመለስበታለሁ። ግን መልቀም የሚረዳው በወጉ የደረቀ ምርት ውስጥ ጥቂት የተበላሸ ሲገኝ ነው። የእርስዎ ኦቾሎኒ እርጥቡን ታፍኖ ከሳምንት በላይ ቆይቷል፣ ማዳበሪያው በሙሉ ይሸታል፣ ሻጋታውም በዓይን ይታያል። በዚህ ሁኔታ ደህና የሚመስለው ፍሬም አይታመንም። ወራት የደከሙበትን መጣል እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ። ቢሆንም ለልጅ የሚሆን ምግብ ከዚያ ውስጥ አይወጣም። አፍና አፍንጫዎን በጨርቅ ሸፍነው ያውጡት፣ ዶሮና ፍየል በማይቆፍረው ቦታ ጉድጓድ ውስጥ ይቅበሩት። ዘይት ላውጣበት ብለውም አያስቡ። ፋብሪካ ውስጥ የሚጣራ ዘይት መርዙ ይለቀዋል፤ ቤት ውስጥ የተጨመቀ ዘይት ግን ይዞት ይወጣል።

አሁን ስህተቱ የት እንደተፈጠረ እንይ፣ ለሚቀጥለው ምርት የሚጠቅምዎት እሱ ነው። ስህተቱ አዘራርዎ ላይ አይደለም። ከተነቀለ በኋላ ባሉት መጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ነው። ኦቾሎኒ ከመሬት ሲወጣ የፍሬው ክብደት ከ35 እስከ 50 በመቶው ውሃ ነው። ሳይሻግት ለመቀመጥ ይህ ወደ 7 እና 8 በመቶ መውረድ አለበት። ማዳበሪያ ውስጥ ደግሞ አየር የለም። እርጥበቱ የሚወጣበት አጥቶ እዚያው ይታመቃል፣ ሙቀት ይፈጠራል፣ ሻጋታው የሚፈልገውን ሁሉ ያገኛል። የድሬዳዋ ሙቀት ሲጨመርበት ጥቂት ቀን ይበቃዋል።

ከነቀላው ልጀምር። ቅጠሉ ሁሉ ረግፎ እስኪያልቅ መጠበቅ የተለመደ ነው፣ ግን ትክክል አይደለም። ቅጠል በበሽታም፣ በውሃ ጥምም ቢጫ ይሆናል። ኦቾሎኒ እንደ ዘሩ ዓይነት ከ3 እስከ 5 ወር ይፈልጋል። ጊዜው ሲቃረብ ከተለያየ ቦታ ሁለት ሦስት እግር ነቅለው ቅርፊቱን ከፍተው ውስጡን ይዩት። ፍሬውን ሳይሆን ቅርፊቱን ነው የምልዎት። ያልደረሰው ቅርፊት ውስጡ ነጭ፣ ወፍራምና እርጥብ ነው፣ በጥፍር ሲጫኑት ይሰረጉዳል። የደረሰው ቅርፊት ግን ውስጡ ሳስቶ ቡናማ ይሆናል፣ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብም ይወጣበታል። ፍሬውን የሸፈነው ስስ ልጣጭም ቀለሙን ይይዛል። ከአሥሩ ቅርፊት ሰባቱ ስምንቱ እንዲህ ከሆነ ይንቀሉ። ቢዘገይ ፍሬውን ከተክሉ ጋር ያያያዘው ክር ይበሰብስና ፍሬው አፈር ውስጥ ይቀራል። ዝናብ ከመጣ አንዳንዱ ዘር እዚያው መሬት ውስጥ ይበቅላል። ምስጥም ቅርፊቱን ትበሳዋለች፣ በዚያች ቀዳዳ ሻጋታ ይገባል።

ባዶ ቅርፊት ስለበዛብዎት ጉዳይ ብዙዎች ዘሩን ይወቅሳሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የዘሩ አይደለም። ኦቾሎኒ አበባውን ከመሬት በላይ አብቦ፣ ከዚያ እንደ መርፌ የቀጠነ ክር ወደ አፈር ይሰድዳል፣ ፍሬው የሚያድገው በዚያ ክር ጫፍ ላይ ነው። ፍሬው ካልሲየም የሚያገኘው በሥሩ በኩል ሳይሆን ራሱ ከከበበው አፈር ነው። ካልሲየም ደግሞ በውሃ ካልተሟሟ አይገባለትም። ድሬዳዋ ዙሪያው የኖራ ድንጋይ አገር ነው፣ የሲሚንቶ ፋብሪካ የተከለበትም ለዚሁ ነው። ስለዚህ እርስዎ ጋ የጎደለው ካልሲየሙ ሳይሆን ውሃው ይመስለኛል። ክሩ አፈር ከገባ በኋላ ፍሬው እስኪሞላ ድረስ አፈሩ አንድ ቀን ጭቃ ሆኖ ለሳምንት ደረቅ እንዳይሆን፣ በመጠኑ እየመጠኑ ያጠጡ። ይህ ሌላም ጥቅም አለው። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ድርቅና ሙቀት ያገኘው ኦቾሎኒ ገና መሬት ውስጥ እያለ አፍላቶክሲን ይይዛል። ከምሥራቅ ሐረርጌ ኦቾሎኒ ተወስደው የተመረመሩ ናሙናዎች ውስጥ መርዙ ከሚፈቀደው በላይ ሆኖ የተገኘው በተደጋጋሚ ነው። ውሃ ካቆሙ በኋላ ደግሞ አይዘግዩ፣ አፈሩ ለነቀላ ለስለስ ሲል ያውጡት። በዶማ ሲቆፍሩ የተቆረጠውን ቅርፊት እዚያው ለብቻ ይለዩት፣ ከሌላው ጋር አይቀላቀል።

ከተነቀለ በኋላ ወዲያው አይልቀሙ። አፈሩን አራግፈው ተክሉን ገልብጠው ይዘርጉት፣ ቅጠሉ ከታች፣ ፍሬው ከላይ ሆኖ አየር ይንካው። እንዲህ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ። ከዚያ ፍሬውን ለቅመው ሰሌን ወይም ሸራ ላይ ይበትኑት። ውፍረቱ ከሦስት ጣት አይብለጥ። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ያገላብጡት። ማታ ጤዛ እንዳይነካው ይሸፍኑት ወይም ያስገቡት። ባዶ መሬት ላይ አያስጡ፣ ሻጋታው የሚኖረው አፈር ውስጥ ነው።

ሳቢያንም ከዚራም ሰው የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፤ ቶሎ ይድረቅ ብሎ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ማስጣት። ይህን አልመክርም። ኦቾሎኒ ሲደርቅ ከ35 ዲግሪ በላይ ባይሞቅ ነው ጥሩ። በድሬ ቀትር ቆርቆሮው ከዚህ በብዙ ያልፋል። ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፣ የፍሬው ልጣጭ ይላቀቃል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። ጠዋት ፀሐይ ይምታው፣ ቀትር ላይ አየር የሚያገኝ ጥላ ውስጥ ይሁን። ሐረር ላላችሁ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ከተማው ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል፣ አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ ስለዚህ ማድረቁ ብዙ ቀን ይወስዳል፤ የእናንተ ጠላት ሙቀቱ ሳይሆን የማታው እርጥበት ነው።

መድረቁን የሚያውቁት በጆሮና በጣት ነው። ቅርፊቱን ጆሮዎ ጋ አድርገው ሲነቀንቁት ፍሬው ቋ ቋ ማለት አለበት። ፍሬውን በሁለት ጣት ሲሰብሩት ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ ከታጠፈ ገና ነው። ልጣጩን በአውራ ጣት ሲያሹት ይላቀቃል። ከተለያየ ቦታ አንሥተው ይሞክሩ፣ ዳር ያለው ሁሌም ቀድሞ ይደርቃል።

የደረቀው ከነቅርፊቱ ይቀመጥ። ቅርፊቱ ከነቀዝና ከእርጥበት የሚጠብቀው የራሱ ልብስ ነው። አየር በሚያስገባ የቃጫ ጆንያ ያድርጉት፣ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርገው ያኑሩት። ወጥ ቤት የእንፋሎት ቦታ ስለሆነ አይሆንም። ፕላስቲክ ማዳበሪያ የሚሆነው በእርግጥ ለደረቀ ብቻ ነው።

ውሃ ረጭቶ መፈልፈል የሚለውን እዚህ ላይ ልመልሰው። ጣት እንዳይጎዳ ተብሎ ብዙ ቦታ ይደረጋል። ቀናት ለፍቶ የደረቀውን ፍሬ እንደገና ማርጠብ ግን ሥራውን ሁሉ ገደል መክተት ነው። ረጥቦ የተፈለፈለው እንደገና ሳይደርቅ ከተከማቸ ሻጋታው ይነሣል። በደረቁ ይፈልፍሉ፣ ለሁለት ሦስት ሳምንት የሚበቃዎትን ብቻ። ጣትዎ ከደከመ ቅርፊቱን ጆንያ ውስጥ አድርገው በቀላሉ መምታት ይቻላል፤ የተሰባበረውን ፍሬ ግን ቶሎ ይጠቀሙበት።

ከዚያ ሰፌድ ላይ ዘርግተው ብርሃን ባለበት ይልቀሙ። በቤት ውስጥ ካሉዎት መከላከያዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ምክንያቱም መርዙ በሁሉም ፍሬ ላይ እኩል አይሰራጭም፤ ጥቂት ፍሬዎች ብቻ እጅግ ብዙ ይይዛሉ። የጨማደደውን፣ የጠቆረውን ወይም የገረጣውን፣ የተበሳውን፣ የበቀለውን፣ ብናኝ የነካውን ሁሉ ያውጡ። ለሁለት ከፍለው መሐሉን ያዩት ፍሬም ግራጫ ወይም ቢጫ ካለው ይውጣ። ሁለት ጊዜ ይልቀሙ፦ አንዴ ከመቁላትዎ በፊት፣ አንዴ ከቆሉ በኋላ ልጣጩ ሲለቅ። ሲበሉ ከመረረዎት ደግሞ ይትፉት፣ አይዋጡት። የተለቀመው ቆሻሻ ወደ ዶሮ አይሂድ፣ ይቀበር።

አቆላሉ ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። ብረት ምጣድ ላይ ደረቅ ጨው በደንብ ያሙቁ፣ ፍሬውን ጨምረው በመካከለኛ እሳት ሳያቋርጡ ያምሱት። ጨው ሙቀቱን ዙሪያውን ያዳርሰዋል፣ አንድ ጎኑ አያርም። መጀመሪያ ልጣጩ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ቅባቱ መሽተት ይጀምራል፣ ከዚያ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማሉ። ያኔ አንዱን አውጥተው ይክፈሉት። መሐሉ የገለባ ቀለም ሲይዝ ያውርዱ። «ትንሽ ይቅላ» ብለው ከጠበቁ አልፏል፣ ከወረደም በኋላ በራሱ ሙቀት መቅላቱን ይቀጥላል። ሰፌድ ላይ አፍስሰው ያናፍሱት፣ ጨዉን በወንፊት ይለዩት። ጨው እንዲገባው በጨው ውሃ የሚነክሩ ሰዎች አሉ። ይቻላል፣ ግን ተነክሮ ወዲያው ይቆላ፤ ለነገ ብሎ ማሳደር የለም።

ለቅቤው ኦቾሎኒው ገና ሞቅ እንዳለ ልጣጩን በእጅዎ አሽተው ያበጥሩት፣ ብሌንደር ውስጥ ይጨምሩት። መጀመሪያ ዱቄት ይሆናል፣ ቀጥሎ ድፍን ብሎ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ውሃ ይጨምራል። አይጨምሩ! ውሃ ሲነካው ይተሳሰራል፣ በቀናት ውስጥም ይበላሻል። ሞተሩን እያሳረፉ፣ በማንኪያ እየፋቁ ይቀጥሉ። ኦቾሎኒ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው፣ ዘይቱ ሲወጣ ራሱ ይለሰልሳል። ትንሽ ጨው ይበቃዋል። በደረቅ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡት። ዘይቱ ላይ ቢንሳፈፍ ብልሽት አይደለም፣ ያማስሉት። የቀለም ወይም የቆየ ዘይት ሽታ ካመጣ ግን ይጣል።

ለውዝ ሻይ ሲሠሩ በአንድ ብርጭቆ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ መጀመሪያ በትንሽ ሙቅ ውሃ ይበጥብጡት። ጓል ሳይኖረው ከለሰለሰ በኋላ ቀረፋ የተፈላበት ሻይ ቀስ እያሉ ያፍስሱበት። ስኳሩ እንደ ፍላጎትዎ ነው። በጾም ቀን ከቁርስ ይቆጠራል፣ ያጠግባል።

ልጆቹን በተመለከተ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሙሉ ፍሬ አይሰጥም፣ የመተንፈሻ ቧንቧ ይዘጋል፤ ቅቤውም በማንኪያ ሳይሆን ዳቦ ላይ ሳሳ ብሎ ይቀባለት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስ ልጅ ደግሞ በትንሹ ይጀምር። ከንፈሩ ካበጠ፣ ሰውነቱ ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ መተንፈስ ካስቸገረው አለርጂ ነውና ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና ይውሰዱት።

እስከሚቀጥለው ምርት ድረስ የልጆቹን ኦቾሎኒ ቀፊራ ገበያ ገብተው ይግዙ፣ ግን ከነቅርፊቱ። የተፈጨ አይግዙ፤ ምን ዓይነት ፍሬ እንደተፈጨ አይታይም። በርካሽ የሚሸጠው የተሰባበረና የጨማደደ ፍሬ ብዙውን ጊዜ የመልቀም ትራፊ ነው፣ ይለፉት። ሻጩን አስፈቅደው ከጆንያው መሐል ጥቂት አንሥተው ይነቅንቁ፣ ሁለት ሦስቱን ይስበሩ፣ ያሽትቱ። ቋ ቋ ካላለ ወይም የአፈር ሽታ ካለው ወደሚቀጥለው ጆንያ ይሂዱ። ከሚገዙት ላይ ለዘር የሚሆን ወፍራም ወፍራሙን ከነቅርፊቱ ያስቀሩ፤ የሻገተውን ማዳበሪያ ግን ለዘርም አያስቀሩት።